ነጥቤ እስኪወርድ

ሐምሌ 12፣ 2017 ዓ.ም.

ቆቦ ገባሁ። አውቶቡሱ ሮቢት ላይ ጎማው ፈንድቶ ብዙ ፀሐይ ላይ ቆምን። እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። አቀፈችኝ፣ "ከስተሃል" አለች፣ መዳፌን ገልብጣ አየች። ራኬት ያደደረውን ቆዳ ዳበሰችና "የኡበይድን እጅ መሰለ" አለች። ታላቅ ወንድሜ ኡበይድ ከማሳ እየገባ ነበር። እጁን አምጥቶ ከእጄ ጎን ዘረጋው። አይመሳሰልም። "ያንተ ቅባት ነክቶታል" አለኝ።

የምቆየው አንድ ሳምንት ነው። አሰልጣኜ ይድነቃቸው ይህን ደብተር የሰጠኝ በየቀኑ የሠራሁትን እንድጽፍበት ነው። ዛሬ የሠራሁት የለም።

ሐምሌ 14

ጠዋት ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ሮጥኩ። ሙቀቱ በጊዜ ያዘኝ። ከሰዓት በኋላ አባቴ ከተማ ይዞኝ ወጣ። በየሱቁ ይቆማል።

"ልጄ ሙንተሲር ነው። የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች። ስሙ በዓለም ተጽፏል።"

አንዱ ባለሱቅ "ስንተኛ ነው?" አለው።

"ከዓለም ነው እኮ የምልህ።"

"ከዓለም ስንተኛ?"

"ከቆቦ አንደኛ" አለ አባቴ። ባለሱቁ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አዲስ አበባ የአንድ ክለብ ጥበቃ ነበርና በልጅነቴ ወስዶኝ ኳስ አቀባይ ሆንኩ። ከማቀበል ወደ መጫወት ገባሁ። ባለፈው ጥቅምት ኪጋሊ ላይ አንድ ግጥሚያ አሸንፌ አንድ ነጥብ አገኘሁ። አንድ ነጥብ ያለው ሰው ስሙ ከዓለም ደረጃ ውስጥ ይገባል፣ ከግርጌው። የነጥብ ዕድሜ ግን አንድ ዓመት ነው። መጪው ጥቅምት ሳይደርስ ሌላ ካላገኘሁ ይወርዳል፣ ስሜም አብሮት ይወጣል። መስከረም ላይ ናይሮቢ ውድድር አለ። እዚያ አንድ ጊዜ ማሸነፍ ይበቃኛል። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሐምሌ 17

ጎርፍ መጣ። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ሮጠ። ዘካሪያስ ሰው መታ። ውዱ የሚባለውን። በኋላ እጽፋለሁ።

ማታ

ውዱ ሞቷል።

እዚህ ዝናብ ከሚያበቅለው ጎርፍ የሚያበቅለው ይበልጣል። ከደጋው ሲወርድ በአፈር ክትር ይጠለፍና በተራ ወደየማሳው ይገባል። የዛሬው ተራ የውዱ ነበር። የአጎቴ ልጅ ዘካሪያስ የውዱን ክትር አፍርሶ ውሃውን ወደ ራሱ መለሰው። ውዱ "ተራዬን" አለ። ዘካሪያስ "ባለፈውም ያንተ ነበር" አለ። ከዚያ በአካፋ። የመታው አንድ ጊዜ ነው ይላሉ። ሰውየው ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ዘካሪያስ ወደ አፋር ወርዷል።

ኡበይድ ከወገቡ በታች ጭቃ ሆኖ ገባ። ውዱን ተሸክመው መኪና መንገድ ያደረሱት እሱና የውዱ ወንድም በድረዲን ናቸው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ክትር አብረው ይሠራሉ። ኡበይድ ታጠበ፣ ምንም ሳይቀምስ ተኛ።

እኔ ለናይሮቢ የቀረኝን ሳምንት ሳሰላ ራሴን አገኘሁት። አፈርኩ። ከዚያም ማስላቱን ቀጠልኩ።

ሐምሌ 19

አያ አላምረው መጡ። ክርስቲያን ናቸው፣ ለእኛም ለእነ ውዱም ዘመድ አይደሉም። ስለዚህ የሁለታችንንም በር ማንኳኳት ይችላሉ።

"ወንዶች ከቤት አትወጡም" አሉ። "መንገድ የለም፣ ገበያ የለም፣ መስጊድ የለም። ሴቶችን የሚነካ የለም፣ ይግቡ ይውጡ። በድረዲን ደሙን ሳልመልስ ፀጉሬን አልቆረጥም ብሏል።"

"የመታው ዘካሪያስ አይደለም እንዴ?" አለ አባቴ።

"እንድሪስ፣ የአገሩን ደንብ አንተ አታስተምረኝ። ደም ገዳዩን አይፈልግም። ከወገኑ የሚሻለውን ነው የሚፈልገው። ቤቱ የሚጎድልበትን።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እናቴም ዞረችና የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። አባቴ "በየሱቁ እየዞርኩ..." ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም።

እኔ ነገ መመለስ አለብኝ አልኩ።

"ዘካሪያስ ሄዷል" አሉ አያ አላምረው። "አንተ ከሄድክ ሁለት ሆነ። ሁለት ሰው የሸሸበት ወገን ዕርቅ አይፈልግም ይባላል። እኔም ለእንዲህ ያለ ወገን እግሬን አላነሳም።"

አባቴ ቃሉን ሰጠ። ልጆቼ አይሸሹም አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

"ማሽላውስ?" አለ ኡበይድ።

ሽማግሌው ረዘም አድርገው አዩት። "ማሽላው ገና ጉልበት አይደርስም። ሰው አይሰውርም።"

"ያድጋል።"

"እሱ ይሂድ" አለ አባቴ። "ኡበይድን ማን ይፈልገዋል?"

"እኔም እሱን ነው የምለው" አለ ኡበይድ።

ሐምሌ 22

የሠራሁት፦ ከጎተራው ክፍል ግድግዳ ጋር፣ ትንሽ። አባቴ ጫማ ሳያደርግ ሮጦ መጣ። "ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል! በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚመታ ሌላ ማን አለ?" ኳሷን በካልሲ ጠቅልዬ ሞከርኩ። አትነጥርም። ያለ ኳስ ሠራሁ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆሞ ከራስ በላይ መምታት፣ ሰርቭ ማድረግ፣ አይቻልም። ተንበርክኬ አደረግኩ።

ታናሽ እህቴ ሀስና በር ላይ ቆማ አየችኝ። "ሶላት ነው ስፖርት?" አለች።

ሐምሌ 29

ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ሀስና ስልኬን ይዛ ከተማ ትወጣለች፣ የጻፍኩትን ትልካለች፣ መልሱን ይዛ ትመጣለች። ይድነቃቸው "ስንት ቀን ይፈጃል?" ብሏል። አላውቅም አልኩት። "የደም ጉዳይ ማለት ምን ማለት ነው? አንተ ምን አደረግክ?" አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ባጭሩ ጻፍኩለት፦ ከቤተሰቡ የሚበልጠውን ይገድላሉ፣ ያ እኔ ነኝ።

ሀስና ከመላኳ በፊት አነበበችው። "ያ እኔ ነኝ" ብላ ደገመችው፣ እንደ ትምህርት ቤት ንባብ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ነሐሴ 5

ጎረቤታችን ራቢዓ እናቴን ልታጽናና መጣች። በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው።

"ምን ታደርጊዋለሽ ሀሊሜ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ሰው ዓይን አያጣውም። እኔ ይኸው አምስት ወልጄ አንዱንም የሚመኘው የለ።"

እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። "ውሰጂውና በአንዱ ለውጪኝ።"

"እሱስ አይበላልሽም፣ የኔዎቹ ቤቱን ይጨርሱልሻል።"

መጻፍ የማይገባ ነገር ነው፣ ግን ልጻፈው። ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋለ።

ነሐሴ 11

ኡበይድ ጎህ ሳይቀድ ገብቶ እህል ቀመሰ። ትናንት ያደረው ከክትሩ ሥር ነው፣ ከትናንት ወዲያ ወንዙ ዳር። ዛሬ የት እንደሚያድር አልተናገረም።

"አንድ ቦታ ብታድር ምን አለበት?" አልኩት።

"ትንኙ ለመደኝ" አለ።

አረንጓዴ ጃኬቱን አልለበሰም። የአባቴን አሮጌ ጋቢ ደርቧል። ጃኬቱን ለሰው ሰጥቻለሁ አለ። ገበያ መሀል ስንፈልገው በሱ ነበር የምናገኘው። እንዲህ ነው ኡበይድ፣ ያለውን ይበትናል። ከጀዊሪያ ጋር የተቆረጠውን የሠርግ ቀንም ትቶታል። ለቤተሰቦቿ "አትጠብቁኝ፣ ሌላ ከመጣ ስጧት" ብሎ ልኳል። እናቴ ተቆጣች። ለእኔ ስንፍና ነው የመሰለኝ። ትዳር ሥራ ይበዛበታል።

ሲወጣ ክፍሌ በር ላይ ቆመና "አንተስ፣ ዕንቁላል የታቀፍክ ዶሮ፣ መቼ ልትፈለፍል ነው?" አለኝ።

"ናይሮቢ ላይ" አልኩት።

"ኢንሻአላህ" አለ። አልሳቀም።

ነሐሴ 18

አያ አላምረው ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። እነ በድረዲን በር አልከፈቱላቸውም።

አባቴ ዘዴ አግኝቷል። ሊጠይቀን ለመጣ ሰው ሁሉ እኔን ያዋርዳል። ዛሬ ከጎብዬ ዘመድ መጥቶ ነበር።

"ምን ተጫዋች ነው" ይላል አባቴ። "ያሸነፈው አንድ ጊዜ ነው።"

"በዓለም ተጽፏል ስትለኝ አልነበር?"

"እሱንም ቢሆን ሰውየው እየመራው እግሩ ዞሮበት አቋረጠ እንጂ። ባይዞርበት ምንም የለም። ንገርልኝ። ጎብዬም ንገር፣ ሮቢትም ንገር።"

እውነት ነው። የነገርኩት እኔ ነኝ፣ በዚያው ቀን፣ በስልክ፣ ደስ ብሎኝ። የኪጋሊው ሰው እየመራኝ ነበር። ኳስ ሊደርስ ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፣ ተቀመጠ፣ ለዳኛው እጁን አነሳ። ነጥብ ነጥብ ነው። ይድነቃቸውም ያኔ እንዲሁ ብሎኛል።

ነሐሴ 30

መውሊድ። ከሩቅ መንዙማው ይሰማል። እኛ ቤት ወንድ የሄደ የለም፣ ከኡበይድ በቀር። እሱም አልገባም፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ሰምቶ ተመለሰ።

"ሰው አየህ?" አለ አባቴ።

"በድረዲን አየኝ።"

እናቴ የያዘችውን አስቀመጠች።

"ምን አለህ?"

"ምንም። ተያየን። ከዚያ ሰው በመሀላችን አለፈ፣ ሄድኩ።"

"አየሽ?" አለ አባቴ ለእናቴ። "እሱን ምንም አላለውም። አላልኩሽም?"

እናቴ ኡበይድን ብዙ ሰዓት ስታየው ነበር። ከዚያ ተነሥታ የኔን ክፍል መስኮት ዘጋች።

ጳጉሜ 4

መንገድ ተዘግቷል። በእኛ ምክንያት አይደለም፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሩቅ ተኩስ ነበር። ለሦስት ቀን ከተማው በሙሉ እንደኔ ቤቱ ዋለ። ሀስና "አሁን ሁሉም ተጫዋች ሆነ" አለች።

የራኬቴ ክር ተበጠሰ። ሳልነካው፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ፣ በሙቀቱ። ጧ የሚል ድምፅ ሰምቼ ከአልጋ ሥር ገባሁ። ክር እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

መስከረም 8፣ 2018

ይድነቃቸው ከናይሮቢው ውድድር ስሜን አሰረዘ። ትናንት መሰረዝ የሚቻልበት የመጨረሻው ቀን ነበር። "ምንም ማድረግ አልቻልኩም" ብሏል። እኔም አልቻልኩም። አባቴም አልቻለም። አያ አላምረውም አልቻሉም። ሁሉም ሰው አልቻልኩም ካለ የሚችለው ማን ነው?

ማታ

እንቅልፍ የለም። ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር ነው። ጎርፉ በመጣ ማታ፣ ሁሉም ሰው በድንጋጤ ላይ ሳለ፣ አያ አላምረው ገና ሳይመጡ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ መንገድ ብወጣ የሚይዘኝ አልነበረም። ለደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና አይጠፋም። ያን ማታ ለምን አልሄድኩም? ለሐዘኑ አልልም፣ ውዱን በመልክ እንኳን አላውቀውም ነበር። እናቴ እንዳትከፋ አልልም፣ ሄጄ አውቃለሁ። ምናልባት ናይሮቢን በሐምሌ ሳስበው እንኳን እፈራ ስለነበር ይሆናል። አንድ ጊዜ ማሸነፍ ብዬ እጽፋለሁ፣ ቀላል ይመስላል። ከኪጋሊ ወዲህ ስምንት ጊዜ ተጫውቼ ስምንቱንም ተሸንፌያለሁ። እዚህ ደብተር ላይ የለም፣ ደብተሩ የልምምድ ነው።

ዘንድሮ ግን አሸንፍ ነበር። ዝግጅቴ ጥሩ ነበር።

መስከረም 17

ይድነቃቸው ናይሮቢ ነው። ሌላ ልጅ ይዞ ሄዷል፣ ግራኝ። "ትኬቱ እንዳይባክን ነው" ይላል። መልእክቱ ድሮ ረጅም ነበር። የዛሬው ከሰላምታው ጋር አንድ መስመር ነው።

መስከረም 24

እናቴ ከሀስና ጋር ጓሮ ሆነው ሽንኩርት ሲልጡ ሰማሁ።

"ያ ነገሩ መቼ ነው የሚወርደው?"

"የቱ?"

"ያ ከዓለም ያገኘው።"

"ጥቅምት ላይ ነው፣ እማ።"

"ጥቅምት መቼ? መባቻው ላይ ነው ወይስ ሲያጋምስ?"

"ምን አደረገልሽ?"

"ከወረደ እንደማንም ሰው ይሆናል አይደል? ማን ይፈልገዋል ከዚያ ወዲያ? ያረቢ፣ ቶሎ አውርድለት።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። የተበጠሰውን ክር ከራኬቱ ላይ አንድ በአንድ አወጣሁት። ሥራ መሆኑ ነው።

ጥቅምት 4

ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል። ኡበይድ ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰኝና ውስጥ ለውስጥ ማሳ ወሰደኝ። ከቤት የወጣሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እግሬ እንደ ታማሚ እግር ሆነብኝ።

ወፍ የሚጠበቅበት ማማ ላይ ወጣን። ወንጭፉን ሰጠኝ። "ክንድህ ይኸው ስንት ዓመት የተማረ ነው" አለ። ድንጋዩ ወደ ኋላዬ ሄደ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ እሱ አሽከረከረው፣ ወፎቹ እንደ ጨርቅ ተነሡ።

ቀኑን ሙሉ አላስቀመጠኝም። የኛ ድንበር ድንጋይ ከዚህ እስከዚያ፣ ያኛው የአጎታችን ነው። ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው ይሄኛው አፍ ነው፣ ያንን ቀድመህ ከከፈትክ አፈሩን ይጠርገዋል። ይቺ በሬ በግራ ካልጠመድካት አትሄድም። ዘሩ ያለው ከጎተራው በስተቀኝ ባለው ጋን ውስጥ ነው፣ እማ ታውቃለች ግን ትረሳለች።

"ለምን ትነግረኛለህ?" አልኩት። "እኔ ማረስ አልችልም።"

"ድንገት ብታስፈልግህ።"

ሰለቸኝ፣ አልደብቅም። ግማሹን አልሰማሁትም።

ጥቅምት 10

ወረደ።

ሀስና ከተማ ወጥታ በስልኬ አየችው። ስሜን ጻፈችው፣ ምንም አልመጣም። ፊደል ተሳስታ እንደሆነ ደግማ ጻፈችው። ምንም። ማታ ስትነግረኝ ለሐዘን እንደመጣ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። "አልሃምዱሊላህ" አለች። ከዚያ ነገሩ ገብቷት አፏን ያዘች። እኔም ሳምኳት። ሌላ ምን ይደረጋል?

ጥቅምት 12

እናቴ ገበያ ሄዳ ላገኘችው ሁሉ ስትነግር ዋለች። የልጄ ነጥብ ወርዷል፣ ስሙ ከዓለም ወጥቷል፣ ከእንግዲህ ምንም አይደለም። ሀስና እየተከተለቻት በሐፍረት ልትሞት ነበር። ወፍጮ ቤት የውዱን ሚስት አገኟት። ሴቶች ስለሆኑ ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። ከዚያ እናቴ ነገረቻት።

"ምን አለች?" አለ አባቴ።

"'አላህ ያሽረው' አለች" አለች ሀስና።

"ሕመም መስሏት ነው?"

"እንጃ አባ። እኛም እኮ አልገባንም።"

ጥቅምት 20

ምንም የተለወጠ የለም። እናቴ በየቀኑ በሩን ታያለች። አንድ ሰው መጥቶ "ልጅሽ ተለቋል" እንደሚላት ሁሉ። "ሰምተዋል አይደል?" ትላለች። "ሰምተዋል።" "ታዲያ?"

አባቴ ነጥቡ እንደነበር ሆኖ ቢሆን ይሻል ነበር ይላል አሁን። አለበለዚያ ለምን ተደበቅን?

ኡበይድ ቤት ከመጣ ቆየ። ምግቡን ሀስና ማሳው ዳር ታስቀምጥለታለች፣ በማግስቱ ሳህኑን ባዶ ታገኘዋለች። አንድ ቀን ሙሉውን አገኘችው። በሚቀጥለው ቀን ባዶ ሆነ። ያን አንድ ቀን እናቴ ስለ እኔ አላወራችም።

የሠራሁት፦ የለም።

ኅዳር 3

ዱበርቲዎቹ ሄዱ። የሚመርቁ፣ ዱዓ የሚያደርጉ አሮጊቶች ናቸው፣ አያ አላምረው ናቸው የለመኗቸው። ዱላቸውን ይዘው ከእነ በድረዲን በራፍ ላይ ተቀመጡ። ብሉ ቢባሉ አልበሉም፣ ተነሡ ቢባሉ አልተነሡም። አሮጊትን ገፍቶ የሚያስነሣ በዚህ አገር የለም። በሦስተኛው ቀን የውዱ እናት ወጥታ አብራቸው ተቀመጠች። ያን ጊዜ በድረዲን እሺ አለ።

እናቴ ነጭ ሸሚዜን አጠበች። "ፊት ለፊት የምትቆመው አንተ ነህ" አለችኝ። "ንጹሕ ሁን።"

ኅዳር 7

ዕርቅ ወረደ።

ቦታው ደም የፈሰሰበት ክትር ነው። አሁን ደረቅ አሸዋ ነው። እነሱ በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላ። እኛ ባዶ እግራችንን፣ አንገታችን ላይ ድንጋይ ተሸክመን ሄድን። ዘካሪያስ ከአፋር ተጠርቶ መጥቷል፣ ከዚህ በኋላ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። ሁሉም ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው። ከመሀላቸው የፈካሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በድረዲንን በቅርብ አየሁት። አጭር ሰው ነው። ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኖታል።

በጉ ታረደ። አያ አላምረው ተነሡ። "ቂም የሚያድረው በስም ነው" አሉ። "በሆድህ ይዘኸው የዞርከውን ስም እዚህ ሰው ፊት ጥራና ትፋው። የተጠራው ይወጣል፣ ትሳሳማላችሁ፣ በዚህ ያልቃል።"

ድንጋዩን ከአንገቴ አወረድኩ። አንድ እርምጃ ወጣሁ።

"ኡበይድ እንድሪስ" አለ በድረዲን። አሸዋው ላይ ተፋ።

ኡበይድ በአጠገቤ አለፈ። ጠባብ በር ላይ ሰው ሰውን እንደሚነካ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ነው ያለፈው። ተሳሳሙ። በድረዲን ጮክ ብሎ አለቀሰ። ኡበይድ አልለቀቀውም። አባቴን አላየሁትም። ማየት አልቻልኩም።

"ሌላስ?" አሉ አያ አላምረው።

"ሌላ የለም" አለ በድረዲን። "ውዱ የቤታችን ምሰሶ ነበር። የነሱ ምሰሶ ማን እንደሆነ አጥቼው ነው?"

እኔ የወጣሁበት ቆሜያለሁ። ብመለስ ሰው ያያል፣ ብቆምም ያያል። በድረዲን ፊቱን በእጁ ሲጠርግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ክፋት አልነበረበትም።

"አንተ የሚጫወተው ነህ አይደል? አዲስ አበባ ያለኸው?" አለኝ። "መቼ መጣህ?"

"ሰሞኑን" አልኩት።

ኅዳር 8

ኡበይድን ማሳ ላይ አገኘሁት። ማጭድ እየሳለ ነበር።

"ታውቅ ነበር?"

"ምኑን?"

"አንተን እንደሚፈልግ።"

"ውዱን ተሸክመን ስንሄድ ነገረኝ። እሱ ከፊት ነበር የያዘው። 'ይሄ ሰው ከሞተ እኔና አንተም አበቃን' አለኝ። አልዞረም።"

"ለምን አልተደበቅክም?"

"ማሽላውስ?"

"ለአባ ብትነግረው?"

"አባ መርጦ ነበር እኮ።"

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። ስለ በሬ እንደሚያወራ ነው የተናገረው።

"ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?"

ማጭዱን በአውራ ጣቱ ሞከረው። "እንዳይከፋህ።"

ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅኩ። ሌላ ማጭድ አንሥቶ ሰጠኝ።

ኅዳር 13

አጨዳ። መዳፌ ላይ ራኬት ባልነካው ቦታ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል።

ዛሬ ስልኬን ይዤ ራሴ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁ። መንገድ ላይ ብዙ ሰው አለፈኝ። ሰላም አሉኝ፣ ሰላም አልኩ።

ይድነቃቸው ወዲያው አነሣው። "ነፃ ወጣህ?"

"ወጣሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ እኮ እዚህ ለሰው ሁሉ ስናገር ነበር፣ ሊገድሉት የሚፈልጉት እሱን ነው እያልኩ።" ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። "በል እንግዲህ፣ ከማጣሪያ ትጀምራለህ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ውድድር አለ። ከግራኙ ልጅ ጋር ትለማመዳለህ። ናይሮቢ ሁለት ነጥብ ይዞ መጥቷል፣ ይጠቅምሃል። መቼ ትመጣለህ?"

"አጨዳው ሲያልቅ።"

"ሰው የለም እንዴ? ያላንተ አይሆንም?"

ከጉብታው ላይ ማሳችን ይታያል። ኡበይድ እኔ ጠዋት ያሰርኩትን ነዶ አንድ በአንድ እየፈታ እንደገና ያስር ነበር።

"አይሆንም" አልኩት።